የመረጃ ጎተራና የጆንያው ምልክት

አስተዋይ ገበሬ እኽሉን ወደ ጎተራ ሲያስገባ ጤፉን ከገብሱ፣ ለዘር የመረጠውን ለምግብ ካሰበው ለይቶ ያስቀምጣል፤ በየጆንያውም ላይ የራሱን ምልክት ያደርጋል። ምልክት በሌለው ጆንያ የተሞላ ጎተራ ለሚያየው ሰው የጥጋብ ቤት ይመስላል፤ ነገር ግን የዘር ወራት ደርሶ ጆንያው ሲፈታ የአምናው የቱ፣ የዘንድሮው የቱ፣ ለዘር የተመረጠውስ የቱ እንደ ኾነ የሚያውቅ ስለማይገኝ ባለቤቱን ያሳፍረዋል። በዛሬው ዘመን መንግሥታትና ድርጅቶች ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ከብትና ስለ ገበያ የሚሰበስቡት መረጃም እንደዚሁ ነው። መረጃው በኮምፒዩተር ውስጥ መከማቸቱ ብቻውን ጥቅም አይሰጥም፤ ከየት እንደ መጣ፣ መቼና በምን መለኪያ እንደ ተለካ የሚናገር ምልክት ከራሱ ጋራ ሊኖረው ይገባል።

ይህን ነገር አጥርቶ ለመመልከት የቡቲዬ አገር ጥሩ ምሳሌ ነው። ቡቲዬ በኬንያ በማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ ንኡስ ካውንቲ ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ የሚገኝ ዋርድ የሚባል የአስተዳደር ክፍል ነው። በዚያ አካባቢ የሕዝቡ ኑሮ በአብዛኛው በከብት፣ በግመል፣ በፍየልና በበግ የተመሠረተ ሲኾን፣ ቦረናው፣ ገብራው፣ ቡርጂውና ገሪው በአንድ ገበያ ይገናኛል። ሞያሌ ከተማ ራሷ በወሰኑ ወዲህና ወዲያ የተዘረጋች ስትኾን፣ የኹለቱ አገሮች መሪዎች በእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2020 የጋራ የድንበር አገልግሎት ጣቢያ በዚያ መርቀዋል። ወሰኑ ሰውንና ሸቀጥን ይለያል እንጂ ደመናን አይለይም፤ ድርቅም ሲመጣ የይለፍ ወረቀት አይጠይቅም።

መረጃው ግን እንደ ደመናው አንድ አይደለም። በኬንያ በኩል በእ.ኤ.አ. 2011 የተቋቋመው ብሔራዊ የድርቅ አስተዳደር ባለሥልጣን ስለ ደረቅ ካውንቲዎች ኹኔታ በየወሩ መግለጫ ያወጣል። በኢትዮጵያ በኩል የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን፣ የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትና የስታቲስቲክስ አገልግሎት የየራሳቸውን መዝገብ ይይዛሉ። ናይሮቢ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል የመላውን ቀጣና ዝናብ ይተነብያል። በናይሮቢና በአዲስ አበባ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ስለ ከብትና ስለ ግጦሽ ያጠናል። ከሰማይም ሳተላይቶች የምድሩን አረንጓዴነት ያለማቋረጥ ይለካሉ። እነዚህ ኹሉ የሚናገሩት ስለ አንዱ መሬትና ስለ አንዱ ሕዝብ ነው፤ የሚናገሩት ግን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው ዘመን አቈጣጠርና በራሳቸው መለኪያ ነው።

እነዚህን ልዩ ልዩ መዝገቦች በአንድነት የሚያከማቸው የኮምፒዩተር ሥርዐት የመረጃ ጎተራ ይባላል። አሜሪካዊው ቢል ኢንሞን በእ.ኤ.አ. 1992 ስለዚሁ ጉዳይ ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡ በሰፊው ታውቋል። የዕለት መዝገብ የዛሬውን ሥራ ለማከናወን የሚያገለግል ነው፤ ለምሳሌ በከብት ገበያ ዛሬ ስንት ፍየል ተሸጠ የሚለውን ይይዛል። የመረጃ ጎተራ ግን ከብዙ የዕለት መዝገቦች የተወሰደውን የብዙ ዓመት ታሪክ ለጥያቄ እንዲመች አድርጎ ያስቀምጣል። አንድ ባለሥልጣን «ባለፉት ሃያ ዓመታት የፍየል ዋጋ ከመውደቁ ስንት ሳምንት አስቀድሞ ግጦሹ ደረቀ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ የሚገኘው የሳተላይቱ፣ የዝናብ መለኪያውና የገበያው መዝገብ በአንድ ላይ ሲነበቡ ብቻ ነው። ችግሩም የሚነሣው በዚሁ በማዋሐዱ ሥራ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የስም ነው። ሞያሌ የሚለው ስም በኬንያ የአንድ ንኡስ ካውንቲ ስም ነው፤ በኢትዮጵያም በኦሮሚያ ክልል ሞያሌ የሚባል ወረዳ አለ፤ በሶማሌ ክልልም እንዲሁ ሞያሌ የሚባል ወረዳ አለ። መዝገቡ «ሞያሌ» ብሎ ቢያልፍ ከሦስቱ የትኛው እንደ ኾነ አይታወቅም። በዚህም ላይ የአስተዳደር ወሰን በየጊዜው ይለወጣል። ኬንያ በእ.ኤ.አ. 2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት መሠረት ከ2013 ጀምሮ በ47 ካውንቲዎች ትተዳደራለች፤ ከዚያ በፊት የተጻፉት መዝገቦች ግን የሚናገሩት ስለ ክፍላተ ሀገርና ስለ ዲስትሪክቶች ነው። በኢትዮጵያም የዳዋ ዞን ከሊበን ዞን ተነጥሎ የተቋቋመ ነው። እንኳን ቦታው የመሥሪያ ቤቱ ስም እንኳ ይለወጣል፤ ቀድሞ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ይባላል።

ኹለተኛው ችግር የቀን ነው። በኢትዮጵያ በኩል አንድ ጸሓፊ የበቆሎን ዋጋ «01/07/2014» ብሎ ቢመዘግብ፣ ማለቱ መጋቢት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ማርች 10 ቀን 2022 ነው። ይህንኑ ቁጥር ያለ ማብራሪያ የተቀበለ ኮምፒዩተር ግን ጁላይ 1 ቀን 2014 ብሎ ያነበዋል። በዚህም ምክንያት በከባዱ ድርቅ ወራት የተመዘገበው ዋጋ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ወደ ኋላ ተጥሎ በሌላ ዘመን ገበያ ውስጥ ይገባል። ኮምፒዩተሩ ቀኑ ትክክለኛ መስሎ ስለሚታየው አያጕረመርምም፤ ስሕተቱም ሳይታወቅ ይኖራል።

ሦስተኛው ችግር የመለኪያ ነው። ኢትዮጵያዊው ነጋዴ በቆሎን በኩንታል ሲሸጥ 100 ኪሎ ማለቱ ነው፤ በኬንያ ግን የተለመደው የበቆሎ ጆንያ 90 ኪሎ ነው። የድርቅ ባለሙያዎች አጥብቀው ከሚከታተሉት ነገር አንዱ አንድ ፍየል ተሽጦ ስንት ኪሎ እኽል ይገዛል የሚለው ነው፤ ድርቅ ሲበረታ የፍየሉ ዋጋ ሲወርድ የእኽሉ ዋጋ ይወጣልና። ለምሳሌ ያህል አንድ ፍየል የአንድ ጆንያ በቆሎ ዋጋ ካወጣ፣ በኬንያው ጆንያ ቤተሰቡ የሚያገኘው 90 ኪሎ ነው። ጆንያውን እንደ ኩንታል የሚያነብ መዝገብ ግን 100 ኪሎ አገኘ ይላል። በወረቀት ላይ የበረከተው 10 ኪሎ በቤተሰቡ ማድጋ ውስጥ የለም።

ከዚህ የበለጠ የተሰወረ ስሕተትም አለ። የከብት ባለሙያዎች ግመልን፣ ከብትንና ፍየልን በአንድ ድምር ለማስላት የእንስሳት መለኪያ የሚባል የጋራ አሐድ ይጠቀማሉ። በአንዱ ልማድ አንድ የቀንድ ከብት 1፣ አንድ ግመል 1.4፣ አንድ ፍየል ወይም በግ 0.1 ተብሎ ይቈጠራል፤ በማርሳቢትና በቦረና የከብት መድን ሥራ ላይ የዋለው ይህ ነው። በሌላው ልማድ ደግሞ ግመል 1፣ የቀንድ ከብት 0.7፣ ፍየልና በግ 0.1 ነው። አምስት ከብት፣ ኹለት ግመልና ሠላሳ ፍየል ያለው አባወራ በፊተኛው ስሌት 10.8፣ በኋለኛው ስሌት 8.5 ይኾናል። ያለፈው ዓመት ጥናት በፊተኛው፣ የዘንድሮው በኋለኛው ተሠርቶ ኹለቱ ያለ ምልክት ጎተራው ውስጥ ቢገናኙ፣ አንድ ጥጃ እንኳ ሳይሞት የአባወራው ሀብት ከአምስት እጅ አንዱ ያለቀ ይመስላል። የዐምዱ ስም በኹለቱም መዝገብ አንድ ዐይነት በመኾኑ ስሕተቱን ዐይን አያየውም።

የዚህ ኹሉ መድኀኒት በኮምፒዩተር ሰዎች ዘንድ ሜታዳታ ይባላል። ትርጓሜውም ስለ መረጃው የሚናገር መረጃ ማለት ነው፤ በገበሬው አነጋገር የጆንያው ምልክት ነው። የዋጋው ቁጥር መረጃ ነው፤ ዋጋው በሽልንግ መኾኑ፣ ጆንያው 90 ኪሎ መኾኑ፣ ቀኑ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መጻፉ፣ ቦታው በኬንያ ያለው ሞያሌ መኾኑ፣ መዝጋቢው መሥሪያ ቤትና የተመዘገበበት ዘዴ ግን ሜታዳታ ነው።

ምልክቱ ከመረጃው ጋራ አብሮ ሲጓዝ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከሳተላይቱ መዝገብ መማር ይቻላል። ቴራ በምትባለው ሳተላይት ላይ ያለው ሞዲስ የተባለው መሣሪያ የምድሩን አረንጓዴነት በየ16 ቀኑ በ250 ሜትር ስፋት እየከፈለ ያቀርባል። አረንጓዴነቱ ከ1 የማይበልጥ ክፍልፋይ ቁጥር ሲኾን፣ በመዝገቡ ግን በ10,000 ተባዝቶ ይጻፋል፤ ስለዚህ 0.2 የነበረው 2,000 ተብሎ ይገኛል። መለኪያ ያልተገኘለት ቦታ ደግሞ -3,000 የሚል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይህ ቁጥር «አልታየም» ማለት ነው እንጂ ልክ አይደለም። ዐሥር ቦታዎች ተለክተው ዘጠኙ 2,000፣ አንዱ ያልታየ ቢኾን፣ ይህን የማያውቅ ደማሪ አማካዩን 1,500 ያደርገዋል፤ ግጦሹም ከነበረው ሩቡ የደረቀ መስሎ ይታያል። መልካሙ ነገር ግን ማባዣውም ያልታየውን የሚያመለክተው ቁጥርም በራሱ በመዝገቡ ውስጥ ተጽፎ መገኘቱ ነው። ኮምፒዩተሩ ምልክቱን አንብቦ ያልታየውን ይተወዋል፤ የቀረውን ለ10,000 ያካፍላል፤ ሰው ሳያዝዘውም ትክክለኛውን 0.2 ያገኛል።

በቀድሞው ልማድ አንድ ዐዲስ መዝገብ ወደ ጎተራው በመጣ ቍጥር ባለሙያ ተቀምጦ ለዚያ መዝገብ ብቻ የሚያገለግል ፕሮግራም ይጽፍ ነበር። መዝገቡን የሚልከው መሥሪያ ቤት አንድ ዐምድ ቢጨምር ወይም መለኪያውን ቢለውጥ ፕሮግራሙ ይበላሻል፤ የከፋው ደግሞ ሳይበላሽ ስሕተቱን ማሳለፉ ነው። በሜታዳታ የሚሠራው ሥርዐት ግን የሚከተለውን መንገድ ይይዛል።

አንደኛ፣ መዝገቡ ወደ ጎተራው ከመግባቱ በፊት መግለጫው በማውጫ ይመዘገባል፤ እያንዳንዱ ዐምድ ምን እንደ ኾነ፣ በምን መለኪያና በየትኛው አቈጣጠር እንደ ተጻፈ በግልጽ ይታወቃል። ኹለተኛ፣ ኮምፒዩተሩ የመጣውን መግለጫ ከጎተራው መግለጫ ጋራ ያስተያያል። ጎተራው ዋጋን በኪሎ የሚፈልግ ኾኖ መዝገቡ በኩንታል ቢመጣ፣ ለ100 ማካፈል እንዳለበት ከምልክቱ ራሱ ይረዳል። ይህ ሕግ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ በኩንታል ለሚመጡት መዝገቦች ኹሉም ያገለግላል።

ሦስተኛ፣ የቦታ ስም በስሙ ሳይኾን በመለያ ቁጥሩ ይታወቃል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብኣዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ ለየአገሩ የአስተዳደር ክፍሎች የሚያገለግሉ መለያዎችን ያሰራጫል፤ ሦስቱ ሞያሌዎች በዚህ ዐይነት መለያ ይለያያሉ። መለያው ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ ሲጻፍም የድሮው ዲስትሪክት ከዛሬው ንኡስ ካውንቲ ጋራ ይገናኛል። አራተኛ፣ የመጣው ቁጥር ከምልክቱ ጋራ መስማማቱ ይመረመራል። አረንጓዴነት ከ1 በልጦ ቢገኝ ወይም የገበያው ቀን ገና ያልደረሰ ቀን ቢኾን፣ መዝገቡ ወደ ጎተራው ሳይገባ ምክንያቱ ተጽፎ ለባለሙያ ይቀመጣል። አምስተኛ፣ ወደ ጎተራው የገባው ቁጥር ኹሉ ትውልዱ ይጻፍለታል፤ ከየትኛው መዝገብ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሕግ ተለውጦ እንደ ገባ ይታወቃል። ባለሥልጣኑ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ያገኛል።

የሥራው ቅለት በቀላል ሒሳብ ይታያል። ዐሥራ ኹለት መዝገቦች እርስ በርሳቸው ኹለት ኹለት እየኾኑ ቢገናኙ 66 ማገናኛ ያስፈልጋል። ኹሉም በአንድ የጋራ መግለጫ ቢናገሩ ግን 12 መግለጫ ይበቃል። ዐሥራ ሦስተኛው ሲመጣም ዐሥራ ኹለት ዐዲስ ማገናኛ መሥራት ቀርቶ አንድ ምልክት መጻፍ ብቻ ይኾናል። ለዚህ የሚረዱ የጋራ ደንቦችም ተዘጋጅተዋል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አግሮቮክ በተባለው መዝገበ ቃላቱ ለእርሻ ቃላት በብዙ ቋንቋ አንድ የጋራ መለያ ይሰጣል። ስለ ካርታና ስለ ቦታ መረጃ አገላለጽም በእ.ኤ.አ. 2003 ዓለም አቀፍ ደንብ ወጥቷል።

ይህ ጉዳይ የጽሕፈት ቤት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ቁጥሩ ተከትሎት የሚመጣውን ነገር ይመልከት። በኬንያ የረኃብ መከላከያ ፕሮግራም ማርሳቢትን በመሰሉ ሰሜናዊ ካውንቲዎች ድርቅ ሲጠና ተጨማሪ ገንዘብ ለቤተሰቦች የሚያከፋፍለው ከሳተላይት በሚገኝ የዕፀዋት ኹኔታ መለኪያ ላይ ተመሥርቶ ነው። ይህ መለኪያ የዛሬውን አረንጓዴነት በዚያው ቦታ በብዙ ዓመት ከታየው ዝቅተኛና ከፍተኛ ጋራ ያስተያያል፤ ከዝቅተኛው ጋራ ሲተካከል 0፣ ከከፍተኛው ጋራ ሲተካከል 100 ይኾናል። ከ35 ሲወርድ ድርቅ፣ ከ20 ሲወርድ ብርቱ ድርቅ ተብሎ ይታሰባል። እንግዲህ የአንድ ወር አማካይ ከሦስት ወር አማካይ ጋራ ቢደባለቅ፣ ወይም የአንዱ ሞያሌ ቁጥር በሌላው ሞያሌ ስም ቢጻፍ፣ ገንዘቡ ለሚገባው ቤተሰብ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

የከብት መድኑም እንደዚሁ ነው። በእ.ኤ.አ. 2010 በማርሳቢት፣ በ2012 ደግሞ በኢትዮጵያ በቦረና የተጀመረው የከብት መድን የሞተውን ከብት እየቈጠረ አይከፍልም፤ ሳተላይቱ ያሳየው የግጦሽ እጥረት ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ይከፍላል። ከብት አርቢው መድኑን የገዛው ያላየውን ቁጥር አምኖ ነው። ቁጥሩ ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደ ተሰላ የሚያስረዳ ምልክት ከሌለ፣ ክፍያ በቀረ ጊዜ የሚነሣውን ቅሬታ ለማየት የሚያስችል ማስረጃ አይኖርም። ከእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በወሰኑ ወዲህና ወዲያ ብዙ መንጋ ማለቁ የሚረሳ አይደለም። በእንደዚያ ያለ ጊዜ የአንድ ወር መዘግየት የአንድን ቤተሰብ መንጋ ሊጨርስ ይችላል።

ይሁን እንጂ የሜታዳታም ኀይል ወሰን አለው። ኮምፒዩተር የተሰጠውን ምልክት ያምናል፤ ገብስ ባለበት ጆንያ ላይ ስንዴ ተብሎ ቢጻፍ፣ ስሕተቱን በፍጥነት ለኹሉ ያዳርሳል። ከዚህም በቀር ምልክቱ ቁጥሩ የማይለካውን ነገር ጭምር መናገር ይገባዋል። ሳተላይቱ የሚያየው አረንጓዴነትን ነው እንጂ ሣርን አይደለም። በቦረና ምድር ቁጥቋጦ ግጦሹን እየወረረ በመኾኑ፣ ከሰማይ ለምለም የሚመስለው ስፍራ ለላሟ የሚበላ ላይኖረው ይችላል። ይህን የሚያውቀው በስፍራው ያለው እረኛ ነው፤ ስለዚህ የእርሱም ምስክርነት ቀንና ቦታ ተጽፎለት ወደ ጎተራው መግባት አለበት። የአባወራው ስም፣ የመንጋው ብዛትና የሚሰማራበት ስፍራ ግን ለዘራፊ ዐይን የሚጋለጥ እንዳይኾን፣ ማን ሊያየው እንደሚፈቀድለት በዚሁ ምልክት ላይ ሊወሰን ይገባል።

እንዲሁም ማስጠንቀቂያ ብቻውን አያድንም። በእ.ኤ.አ. 2010 መጨረሻ ስለሚመጣው ድርቅ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበር፤ እርዳታው ግን ዘገየ፤ በሐምሌ 2011 በሶማሊያ ረኃብ መግባቱ ታወጀ። የተሟላ ጎተራ ባለሥልጣኑን «አላወቅሁም» ከማለት ይከለክለዋል፤ እጁን የሚያነሣው ግን ራሱ ነው።

ስለዚህ የሥራው ድርሻ ለየሰዉ የተከፋፈለ ነው። ባለሥልጣኑ ምልክት የሌለውን ቁጥር አለመቀበልን ልማድ ሊያደርግ፣ ለምልክት ጸሓፊውም ጊዜና ደመወዝ ሊመድብ ይገባዋል። በገበያና በመንደር እየዞረ የሚመዘግበው ሠራተኛ ከቁጥሩ አጠገብ መለኪያውንና አቈጣጠሩን መጻፉ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ሌላው ሰው ያንኑ ለመፈለግ ወራት ይፈጅበታል። ከብት አርቢው ስለ መንጋው ሲጠየቅ ጥያቄው ለምን እንደ ኾነና መልሱ የት እንደሚቀመጥ የመጠየቅ መብት አለው። የከተማው አንባቢም ስለ ድርቅ የተጻፈ ቁጥር ሲያነብ «የትኛው ሞያሌ? በየትኛው ወር? በምን መለኪያ?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ያደርጋል። በቡቲዬ ደጃፍ ላይ ኹለት አገር፣ ኹለት ዘመን አቈጣጠርና ኹለት ዐይነት ጆንያ ይገናኛሉ፤ መንጋው የሚጠጣበት ውሃ ግን አንድ ነው። መረጃውንም እንደ ውሃው የጋራ ለማድረግ የሚቻለው፣ እያንዳንዱ ወገን በየጆንያው ላይ ሌላው ሊያነበው የሚችል ምልክት የጻፈ እንደ ኾነ ነው።